«ወራጅ አለ» ማለት ላቃታት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሾላ አካባቢ ነው። የላከችው እህት «ስሜ ይቆየኝ» ብላለች፤ ይቆይላት። 32 ዓመቷ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት 6 ዓመት ሠርታለች። አባቷ በሕይወት የሉም። ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ዋናው ይኸው፦

«እትዬ፣ ብቻዬን ቤት ተከራይቼ ለመኖር ካሰብኩ 3 ዓመት አለፈኝ። ገንዘብ ነበረኝ። እቁቡ ሲደርሰኝ ግን ወንድሜ ለመኪና ማሠሪያ አበድሪኝ አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ እስካሁን አልመለሰም። እናቴ ‹ሳታገባ ከቤት ወጣች ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?› ትለኛለች። አለቃዬ ቅዳሜ ከሰዓት ‹ነገ ብቅ በይ› ሲለኝ፣ እሺ። የአጎቴ ልጅ ሚዜ ሁኚ ስትለኝ፣ እሺ፤ ለቀሚሱ ከወር ደመወዜ በላይ አወጣሁ። ይኼን ስጽፍልዎ እያፈርኩ ነው፣ ግን ልንገርዎት፤ ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ማለት እንኳ እፈራለሁ። ሾላ መውረድ ሲገባኝ መገናኛ ድረስ ተወስጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን አለ። ጸልያለሁ፣ ተጠምቄያለሁ። ፍርሃቱ የሚለቀኝ መቼ ነው? እኔም እንደ ሰው ነፃ ሆኜ መኖር አማረኝ።»

እህቴ፣ ከታክሲው ልጀምር። እንደ ቀልድ ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽዋል። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ያነበብኩት በእሱ በኩል ነው።

ያቺን ታክሲ አውቃታለሁ። ከ4 ኪሎ ተሳፍረሻል። የኋላ ወንበር፣ መስኮት ዳር ነሽ። ሬዲዮው ይጮኻል። ቀበናን አልፋችሁ እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ስትደርሱ ልብሽ መደለቅ ይጀምራል። ሁለቷን ቃል አፍሽ ውስጥ ታዘጋጃለሽ። ምናልባት እዚያው የሚወርድ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል ብለሽ ዙሪያሽን ትቃኛለሽ። አንድ ሰው «ወራጅ!» ቢል ተከትለሽው ሹልክ ልትይ። ማንም አይልም። ሾላ አለፈ። ያኔ፣ ልክ እንዳለፈ፣ ደረትሽ ቅልል ይላል። ረዳቱ አላፈጠጠብሽም፣ ሰው ዞሮ አላየሽም።

ያቺን ቅልል ማለት ልብ በያት። ጉዱ ያለው እሷ ላይ ነው። ከሚያስፈራሽ ነገር በሸሸሽ ቁጥር ሰውነትሽ «መሸሽ አዳነኝ» ብሎ ይማራል። በማግስቱ ያው ፍርሃት ትንሽ ወፍሮ ይጠብቅሻል። እሺታሽም እንደዚያው ነው። አለቃሽ «ነገ ብቅ በይ» ሲልሽ እሺ ስትዪ ቅልል ይልሻል፤ እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ። ወንድምሽ አበድሪኝ ሲልሽ እሺ ስትዪ ፊቱ ይፈታል፣ አንቺም ትተነፍሻለሽ። ከዚያ 3 ዓመት።

ስለዚህ «መቼ ይለቀኛል?» ላልሽው መልሴ ደስ የሚል አይደለም። ፍርሃቱ ቀድሞሽ አይወርድም። እሱ ቁጭ ብሎ እያየሽ ነው አንቺ የምትወርጂው። ከወረድሽ በኋላ፣ ከብዙ መውረድ በኋላ፣ እሱም ይደክመዋል። ጸሎትሽንም ጸበልሽንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብቻ «ፍርሃቴን ንቀልልኝ፣ ከዚያ እናገራለሁ» ብለሽ ከሆነ የለመንሽው፣ ልመናውን ወደ «እየፈራሁ የምናገርበት አፍ ስጠኝ» ለውጪው። የንስሐ አባትሽም በዚህ የሚቆጡ አይመስለኝም።

ይኼ ከእኔ የመጣ ጥበብ አይደለም። ጆሴፍ ዎልፒ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ታካሚዎቹ የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲደረድሩ ያደርግ ነበር። ከዚያ ሰውነታቸውን እያዝናኑ ከታችኛው ጀምረው አንድ በአንድ በሐሳባቸው እንዲያልፉበት ያግዛቸዋል። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በእውን፣ መንገድ ላይ ወጥተው እንዲሞክሩት አደረጉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው መሰላል ሲወጣ 10ኛው እርከን ላይ ዘሎ አይቆምም። አንቺ ግን 3 ዓመት ሙሉ 10ኛውን እርከን ከታች ሆነሽ ስታዪ ነው የኖርሽው። ቤት መውጣትን፣ እናትሽን፣ ወንድምሽን። እሱን ለጊዜው ተዪው።

ማክሰኞ ታክሲ ስትሳፈሪ ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጪ። እዚያ ጮክ ማለት አያስፈልግሽም። እንግሊዝ ኤምባሲ ስትደርሱ ልብሽ ይመታል። ይምታ። አድሬናሊን የሚባለው ነገር ደምሽ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ወጥቶ ወጥቶ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። አየር በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። የሚረዳው ረዘም አድርጎ ማስወጣቱ ነው፤ የልብን ምት ያዘገየዋል። ከዚያ በያት። ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ተንቀጥቅጦ የወጣ «ወራጅ አለ»ም ታክሲውን ያቆመዋል።

በሌላ ቀን መሐል ወንበር። ከዚያ የኋላው። ከዚያ መልስ ያልሰጠሽን ረዳት «መልስ አለኝ» በይው። ከዚያ ማኪያቶሽ ቀዝቅዞ ከመጣ መልሽው። ይኼ የልጅ ጨዋታ ይመስልሽ ይሆናል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማኪያቶ መመለስ አሁንም ትንሽ ይከብደኛል፤ አስተናጋጇ ከደመወዟ ይቆረጥባት ይሆን እያልኩ። አንዳንዱን ቀን ዝም ብዬ እጠጣዋለሁ። ምርጫዬ እስከሆነ ድረስ ግድ የለም። ፈርቼ ከሆነ ግን አውቀዋለሁ፣ ጣዕሙም ያስታውቃል።

ቀጥሎ እሺታሽ። ካነበብኩት እንደተረዳሁት አንቺ ጥያቄው ሳያልቅ ነው እሺ የምትዪው። እምቢ በዪ ብልሽ ነገውኑ አትችዪም፤ ስለዚህ አልልሽም። በእሺ ቦታ አንድ ሌላ ቃል አስገቢ፦ «ልየውና እነግርሃለሁ»። በቃ። ለአለቃም፣ ለአጎት ልጅም፣ ለወንድምም ይሠራል። ማንንም አያስቀይምም። አንቺ ደግሞ አንድ ሌሊት ታገኛለሽ። በአንድ ሌሊት ውስጥ ደግሞ ምን እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ፤ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩሽ ብቻ ነው የሚጠፋብሽ። በማግስቱ የምትመልሺውን በጽሑፍም ቢሆን መልሺ። በቴሌግራም የተላከ እምቢታ ፈሪነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ጀማሪ ነሽ።

አለቃሽን በሚመለከት አንድ ነገር ገርሞኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። የሌሎቹን የትርፍ ሰዓት የምታሰይው አንቺ ራስሽ ሳትሆኚ አትቀሪም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ በ2 ተባዝቶ ይከፈላል፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2 ተኩል። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ያለፈውን ዓመት ፈቃድሽን ወሰድሽው? አልወሰድሽም፣ አይደል?

አዋጅ ይዘሽ ቢሮው ግቢ አላልኩሽም። እንደዚያ ያደረጉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አይቻለሁ፤ ሕጉ ከእነሱ ጋር ቢሆንም የአለቃው ፊት አልነበረም። አንቺ የምትዪው አጭር ነው፦ «ለዚህ እሑድ በትርፍ ሰዓት ልያዘው?» ጥያቄ ነው፤ ፀብ አይደለም። በትክክል የሚያስፈልገው ሥራ ከሆነ ያዢው ይላል፣ ብሩን ታገኛለሽ። ልማድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሑዱን ታገኛለሽ። የሚከፋው ሰው ከሆነ ጊዜ ሰጥተሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ይኼን ማወቅ ብቻውን ወንበር ላይ ያለሽን አቀማመጥ ይቀይረዋል።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። ይኼ ነው ከባዱ፤ ረዘም አድርጌ ብጽፈው አትቀየሚኝ።

ይሉኝታ ማለት «እንዲህ ይሉኛል» ማለት ነው እንግዲህ። ሰዎቹ ገና ምንም አላሉም። እንደሚሉ አስበን ነው የምንሸማቀቀው። ሆኖም ይሉኝታን ዝም ብለው የሚሳደቡትን ሰዎች አልወድም። «ይሉኝታ ቢስ» የሚባለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ጎረቤት መሆን አልመኝልሽም። አባትሽ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን የሞሉት፣ ሦስት ቀን እንጀራ ተሸክመው የተመላለሱት ሴቶች ገሚሶቹ በፍቅር፣ ገሚሶቹ በይሉኝታ ነው የመጡት። እንጀራው ላይ ልዩነቱ አይታይም። ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ምን ይሉኛል ብሎ መጨነቅ ለሰው ማሰብ ነው። የማድረው የት እንደሆነ ምን ይሉኛል ማለት ግን ሌላ ነው። በዚህኛው የምትበድዪው ሰው የለም።

እናትሽ ይኼን አታውቅም አልልሽም። ግን እሷ የምትኖረው ከእነዚያ ሴቶች ጋር ነው። እድሯ፣ ማኅበሯ፣ የጠዋት ቡናዋ እዚያው ነው። አንቺ ቢሮ ስትውዪ «ልጅሽስ?» የምትባለው እሷ ናት። ስለዚህ «ምን ብዬ ልመልስ?» ስትልሽ ማባበያ አይምሰልሽ፤ በእውነት መልስ እየጠየቀችሽ ነው። ስጫት። «ሥራዋ ስለራቃት አጠገቡ ተከራየች» አይነት ውሸት ግን አትስጫት። ውሸት ጠባቂ ይፈልጋል፤ ከነገ ወዲያ ሁለታችሁም ስትጠብቁት ትኖራላችሁ። «ደርሳለች፣ ራሷን ችላ ወጣች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች» ትበል። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለበትም።

ከዚያ ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ያላነሳሽው አንድ ጥያቄ አለ። አባትሽ የሉም። አንቺ ስትወጪ እናትሽ ማታ ማታ ከማን ጋር ልታወራ ነው? ከወንድምሽ ጋር? ስለ ሰው ወሬ የምታወራው ስለዚህኛው መናገር ስለሚከብዳት ሊሆን ይችላል። ጠይቂያት። በቡና ሰዓት ግን አይሁን፤ ቡና ላይ ጎረቤት አለ። በበዓል ማዕድ ላይም አይሁን። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ እጇ ሥራ ሲይዝ፣ ምስር ስትለቅም ወይም ሽንኩርት ስትልጥ። እናቶች ዓይን ለዓይን ሲያዩዋቸው ሳይሆን እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው እውነቱን የሚናገሩት።

አነጋገርሽን ደግሞ አስቀድመሽ ምረጪ። «እማዬ፣ ልውጣ ወይ?» ካልሽ መልሱ የታወቀ ነው። 3 ዓመት ሙሉ ያልሽው ይኼንኑ ይመስለኛል። «እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ ልወጣ ነው፤ አንቺ እንዳትቸገሪ ምን ምን እናድርግ?» በይ። ታለቅስ ይሆናል። ቁጭ ብለሽ አብረሻት ሁኚ። ስላለቀሰች ግን ቀኑን አትቀይሪው። የእናት እንባ ስታይ ሐሳብ መቀየር አንቺ የለመድሽው ቅልል ማለት ነው፤ ከታክሲው ጋር አንድ ነው።

እኔ ከቤት ስወጣ 27 ዓመቴ ነበር። ኮተቤ አካባቢ፣ ከባለቤቶቹ ቤት ጀርባ ያለች አንድ ክፍል። የመጀመሪያው ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አልገዛሁም። ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ጀሪካኑን በሩ ላይ አስደግፌ (ሌባ ቢመጣ እንዲንኳኳ ብዬ፣ ባዶ ጀሪካን!) ዳቦ በቀዝቃዛ ሻይ በላሁ። አለቀስኩም። ነፃነት እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ። ጠዋት የቤቱ ባለቤት «ዘመድ የለሽም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሰፈር ውስጥ እኛ ቤት አጠገብ ያሉ አንዲት ሴት ለእናቴ «ልጅሽን ምን አገኛት?» ብለዋት ነበር አሉ። ሁለት ሳምንት አወሩኝ። በሦስተኛው ሳምንት የራሳቸው ልጅ አረብ አገር ልሂድ ብላ ተነሳች፤ እኔ ተረሳሁ።

እናቴ ለአንድ ወር አልመጣችም። በአምስተኛው ሳምንት በፌስታል በርበሬና ሽሮ ይዛ ከች አለች። ቆማ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። «ጠባብ ናት» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ስለ መውጣቴ ከዚያ ወዲህ አላነሳንም።

የእኔ እናት እንዲህ ነበረች። ያንቺ ሌላ ልትሆን ትችላለች፤ ዋስትና አልሰጥሽም።

ስለ ወንድምሽ የማውቀው ትንሽ ስለሆነ በአጭሩ። ደብዳቤሽ ላይ «ሲቆጣ ቤቱ ይናወጣል» ብለሻል፤ ከዚያ አላለፍሽም። እጁን አንስቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ እስካሁን ያልኩት መሰላል ለእሱ አይሠራም። ያ ድል የሚደረግ ፍርሃት ሳይሆን ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። እንደዚያ ከሆነ ብቻሽን ሆነሽ አትንገሪው። አጎትሽ ወይም የንስሐ አባትሽ ባሉበት፣ ወይም ዕቃሽን ካወጣሽ በኋላ ይስማ። ዝም ብሎ የሚጮኽ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ይጩኽ። ጩኸትም እንደ አድሬናሊን ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። የእቁቡን ብር በተመለከተ ተስፋ ቁረጪ ባልልሽም ቤት ለመከራየት እሱን አትጠብቂ። ያንን ከጠበቅሽ ቁልፍሽ በእሱ እጅ ነው ማለት ነው። የሚቀጥለው እጣ ሲደርስሽ ደግሞ የማንም ጆሮ አይስማ፤ ይኼ ውሸት አይደለም፣ አፍ መዝጋት ነው።

ቤቱን ስትፈልጊ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ነው። አትደንግጪ። «ብቻዬን ነኝ፣ ሠራተኛ ነኝ» በይ፣ ቀጥዪ። አንዳንዱ አከራይ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት አላከራይም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ግቢው 3 ሰዓት ይዘጋል፣ እንግዳ አይገባም ይላል። እንዲህ ያለውን ቤት እለፊው፤ ከአንድ ወንድም ወደ ሌላ ወንድም መሄድ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለልሽ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ የሚቆየውም ቢያንስ 2 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። «የ6 ወር አምጪ» የሚልሽ አይጠፋም፤ በአዋጁ መሠረት እንደማይችል ረጋ ብለሽ ንገሪው። ያን ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ ወራጅ ማለት የለመድሽው ይጠቅምሻል። ኪራዩን ደግሞ በባንክ ክፈዪ፤ ደረሰኝ ሌላ ምስክር አያሻውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልብሽ ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ እንቅልፍሽ የጠፋ፣ ሰው ፊት መብላት እንኳ የሚያቅትሽ ከሆነ ይኼ ዓምድ አይበቃሽም። ሐኪም ይይሽ። አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ እንኳ ስድብ ሆኖ ስለኖረ የሚያፍር ብዙ ነው። በሩ ላይ የምታገኚያቸው ግን እንዳንቺ ቦርሳ የያዙ፣ ከሥራ አስፈቅደው የመጡ ሰዎች ናቸው። እዚያ አልሄድም ካልሽ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ከወጣሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ይከብዳሉ። ማንም የት ነበርሽ አይልሽም፤ ስትመኚው የኖርሽው ነገር ሲመጣ ዝምታ ይመስላል። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ይመጣና ይሄዳል። ሬዲዮ ይኑርሽ። ሻማ ግዢ። የበሩን ቁልፍ ደግሞ በገባሽበት ቀን ቀይሪው፤ የቀድሞው ተከራይ ኮፒ አያጣም።